በከንፈር የተጠቆመ ምንጭ

ሻርሊን የቆየውን ካርታ በፒክአፑ ኮፈኖ ላይ ዘርግታ ነፋስ እንዳይወስደው ጠርዙን በድንጋይ አስያዘች። አባቷ የጠፋችበትን ባዝራ ፍለጋ ትናንት ማለዳ ወደ ገደሉ እንደ ወረደ አልተመለሰም። የያዘው አንድ ኮዳ ውሃ ነው። በአሜሪካ፣ በናቫሆ ሕዝብ በረሃ፣ በሐምሌ ፀሐይ፣ አንድ ኮዳ እስከ ቀትርም አያደርስም።

በካርታው ላይ ገደሉ ከታች ለሁለት ጠባብ ሸለቆዎች ይከፈላል። ቡናማዎቹ የከፍታ መስመሮች እንደ አውራ ጣት አሻራ ተጠጋግተዋል፤ በግራው ገደል ውስጥ አንዲት ሰማያዊ ነጥብ አለች።

"ምንጩ በግራ ነው። በሕይወት ካለ..."

"እንዲህ ያለ ቃል ከአፍሽ አይውጣ!" አለች የአባቷ እህት ኤታ። ከዚያ ካርታውን አየችና ሳቀች።

"አሁን ምን ያስቃል፣ አክስቴ?"

"አያትሽ ናቸዋ! ካርታ የሚሠሩ ቀያሾች በበቅሎ መጥተው 'ውሃው የት ነው?' ቢሏቸው፣ የመንጋችንን ውሃ ባዕድ እንዳያገኘው፣ እንደ ልማዳችን በከንፈራቸው ወደ ግራ ጠቆሙላቸው። አምነው ጻፉት። አንቺንም የከተማዋን ልጅ ይኸው ሊያታልሉሽ ነበር!"

"በግራ ውሃ የለም?"

"ለሰው ጉሮሮ የምትበቃ ጠብታ አለች። መንጋ የሚያጠጣው በቀኝ ነው። ባዝራዋም ያንን ታውቃለች። ነይ!"

የቀኙ ገደል እየጠበበ ሄዶ ትከሻ የሚነካ ሆነ። ሻርሊን አሸዋው ላይ የአባቷን ዱካ ስታይ መጣራት ፈራች። ኤታ ግን ጮኸች።

"አንተ ሽማግሌ!"

"ቀስ በሉ እንጂ! ባዝራዋን ታስበረግጉብኛላችሁ!" አለ የአባቷ ድምፅ።

ሻርሊን እዚያው አሸዋው ላይ ቁጭ አለች። አባቷ ያበጠ ቁርጭምጭሚቱን ምንጩ ውስጥ ነክሮ ተቀምጧል። ባዝራዋ ከጀርባው ትጠጣለች።

"ታለቅሻለሽ ወይስ የሚበላ ይዘሻል?" አላት።

በባዝራዋ ጭነው ሲያወጡት፣ ከነፍስ አድን ቡድን የተላከ ከርት የሚባል ሰው ፒክአፑ ዘንድ ደርሶ ነበር። ደግ ሰው ነው፤ የአባቷን እግር በጥንቃቄ አሰረለት፣ በረዶ የመሰለ ውሃ አጠጣው። ከዚያ ስልኩን አወጣ።

"አዲሱን ካርታ እያረምን ነው፤ ተጓዦች በብዛት ሊመጡ ነው። ምንጩ አሁንም ድሮ የተጻፈበት ነው?"

አባቷ ባርኔጣውን ዐይኑ ላይ ደፋ። ኤታ የባዝራዋን ጋማ ታበጥር ጀመር።

ሻርሊን ካርታውን አጣጠፈች። እጇን አላነሳችም። ከንፈሯን አሹላ ወደ ግራ ጠቆመች።