መቶ አሥር ዲግሪ

እና ሦስተኛዋን ትውጣታለች፣ ሁልጊዜ እንዲሁ ናት፣ ሁለት ጊዜ አስነጥሳ ሦስተኛዋን አፍንጫዋን ይዛ ታስቀራታለች፣ ከመጋረጃው ማዶ ሳላያት አወቅኋት፣ እህቴ መጣች፣ ቀጠሮዋ አራት ሰዓት ነው፣ ገና ሦስት ተኩል፣ ምን አስቸኮላት፣ እኔስ ምን ሆኜ ነው ከጠዋት ጀምሮ በሩን በሩን የማየው፣ እጄ ላይ የሽማግሌው ጉልበት አለ፣ ይሰብስቡት አባባ፣ ይዘርጉት፣ ይሰብስቡት፣ ቋ ይላል፣ የኔ ልጅ፣ ጉልበት የበር ማጠፊያ ነው ብለሽኝ የለ፣ ታዲያ ዘይት አትጨምሪበትም፣ ይሉኛል፣ እስቃለሁ፣ ጆሮዬ ግን መጋረጃው ማዶ ነው።

ማጠፊያ፣ ከስድስቱ የመገጣጠሚያ ዓይነቶች እሱ የመጀመሪያው ነው፣ ጉልበትና ክርን፣ እንደ በር በአንድ አቅጣጫ ብቻ፣ ሁለተኛው ኳስና ጎድጓዳ፣ ዳሌና ትከሻ፣ በየአቅጣጫው የሚዞር፣ ሦስተኛው በዘንግ ዙሪያ የሚሾር፣ አንገትን ወዲያና ወዲህ አዙሮ እምቢ የሚያሰኘን፣ አራተኛው ኮርቻ መሰል፣ የአውራ ጣት ሥር፣ አምስተኛው እንቁላል መሰል፣ የእጅ አንጓ፣ ስድስተኛው ተንሸራታች፣ የእግር ትንንሽ አጥንቶች፣ አንዱ በአንዱ ላይ ትንሽ ትንሽ ሸርተት የሚሉ። አሥራ ሁለት ነጥብ ከአሥራ ሁለት። አንድ አልሳትኩም። ያን ቀን፣ በዚያው ሰዓት፣ እናታችን አፈር ስትለብስ እኔ ሩቅ ከተማ ፈተና ክፍል ቁጭ ብዬ ኮርቻ መሰል ብዬ እጽፍ ነበር።

ሞቷን የደበቀችኝ እህቴ ናት። ትጨርስ፣ አራት ዓመት የለፋችበት ነው፣ ብትመጣስ ምን ታደርጋለች ብላ፣ ጎረቤቱን ሁሉ ዝም አሰኝታ፣ እኔ ስደውል እማዬ ተኝታለች አለችኝ፣ ተኝታለች፣ ድምጿ እንኳን ሳይንቀጠቀጥ፣ ከየት አባቷ አመጣችው ያንን ጉልበት። ስመጣ ሁሉም ነገር አልቋል፣ ከሰው የተዋሱት ወንበር እንኳን ተመልሷል፣ እኔም በሰው ፊት ከዛሬ ጀምሮ እህት የለኝም አልኳት፣ ምላሴን ቁርጥ ያድርገው፣ እሷ እልኸኛ እኔ እልኸኛ፣ ስድስት ዓመት።

ከሁለት ወር በፊት በዚህ መጋረጃ ገባች። መጋረጃ ስትሰቅል ከወንበር ወድቃ፣ ትከሻዋ ወልቆ፣ ተመልሶ ደግሞ እንደ ድንጋይ ደርቆ፣ እዚህ ፊዚዮቴራፒ ክፍል መሥራቴን ታውቅ ነበር ወይስ አታውቅም እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም፣ ብቻ ሳያት ከአፌ የወጣው፣ ይቀመጡ፣ አሥር ዓመት ታላቄን፣ ይቀመጡ፣ እንደ ማንኛውም በሽተኛ፣ እሷም እሺ ዶክተር አለች፣ በቃ እንደዚያው ቀረን።

ዶክተር። በጉልበቶቿ መሃል አስቀምጣኝ ፀጉሬን ትጎነጉነኝ የነበረች ሴት፣ አትወዛወዢ፣ ቀና በይ፣ ይቺ ልጅ ወንበዴ ናት፣ ትከሻዋና ክርኗና አንጓዋና አውራ ጣቷ ሁሉም በአንዴ ጭንቅላቴ ላይ ሲሠሩ፣ ያኔ ስማቸውን አላውቅም፣ እንቅልፌ ሲመጣ ብቻ ነው የማውቀው። ናፍቃኛለች። ምን ይደበቃል፣ አጠገቤ ተቀምጣ፣ ክንዷን ይዤው፣ ናፍቃኛለች።

ስለዚህ ነው የዋሸሁት። ደንቡ መቶ ሃምሳ ነው፣ ክንድ መቶ ሃምሳ ዲግሪ ከተነሳ ሰውየው ይሰናበታል፣ ቦታው ለተረኛ ይለቀቃል፣ ወረቀቱን ግድግዳው ላይ የለጠፍኩት እኔው ነኝ። ባለፈው ሳምንት ሳነሳላት ጆሮዋ አጠገብ ደረሰ፣ መቶ ሃምሳ ሁለት፣ ሁለት ጊዜ ለካሁ፣ እንኳን ደስ ያለዎት ልላት ይገባ ነበር፣ ካርዷ ላይ መቶ አሥር ብዬ ጻፍኩ። መቶ አሥር። ሌላ ሰው እንዲህ ሲያደርግ ባገኘው ኖሮ አገር አይበቃኝም ነበር፣ ውጭ ስንት ሰው ወረፋ ይጠብቃል፣ ነውር ነው፣ አውቃለሁ፣ አንድ ሳምንት ብቻ ብዬ ነው፣ አንድ ሳምንት ውስጥ አፌን ከፍቼ አንድ ነገር እላታለሁ ብዬ።

አባባ ጨርሰናል፣ ቀስ ብለው ይውረዱ፣ ቀጣይ፣ ትገባለች። ካርዷን በቁራጭ ጨርቅ ጠቅልላ ከቦርሳዋ ታወጣለች፣ ልብስ ሰፊ አይደለች፣ ዳሩን ሳይቀር ዘምዝማዋለች፣ እንዴት ሰነበቱ፣ ደህና ዶክተር፣ ቤት ውስጥ እንቅስቃሴውን ይሠሩታል፣ እሠራለሁ። ትቀመጣለች። አንድ እጄ ትከሻዋ ላይ አንዱ ክርኗ ሥር፣ ክብደቱን ለኔ ይልቀቁት፣ ትለቀዋለች፣ ሠላሳ፣ ስድሳ፣ ዘጠና፣ እንደ ቅቤ ነው የሚሄደው፣ መቶ፣ መቶ አምስት፣

ቆመ።

ምነው፣ ተመልሶ ደረቀ እንዴ፣ በሳምንት፣ የኔ ኃጢአት ነው፣ በሐሰት ጽፌ በእውነት አደረቅኋት፣ ቆይ፣ ቆይ እስቲ። መገጣጠሚያ ሲቆም እጅ ያውቃል፣ አጥንት ከአጥንት ሲገጥም ግድግዳ ነው፣ ሽፋኑ ያጠረ እንደሆነ እንደ ቆዳ ቀበቶ ወጠር ይልና ትንሽ ይመልሳል፣ ይሄ ግን አንዱም አይደለም፣ ይሄ ሥጋ ነው፣ ጡንቻዋ ከመዳፌ ሥር ይርገበገባል፣ ክንዷን የያዘችው ራሷ ናት። አሟት ነው እንዳልል ግንባሯ እንኳን አልተቋጠረም፣ መስኮቱን ታያለች፣ ስኳር ሰርቆ አልበላሁም የሚል ልጅ ፊት ነው ያላት። መለኪያዬን አስጠጋለሁ። መቶ አሥር። ልክ መቶ አሥር።

ካርዱን አንብባዋለች።

ዘጠና ማለት ፊት ለፊት የተዘረጋ ነው ብዬ በመጀመሪያው ቀን ያስረዳኋት እኔው ነኝ፣ ዕድሜዋን ሙሉ በሜትር የኖረች ሴት ቁጥር ይጠፋታል እንዴ፣ ክንዷ ጆሮዋ ጋ መድረሱን ታውቃለች፣ ቤቷ ገብታ ጨርቁን ፈትታ አየችው፣ ገባት፣ ሳምንቱን ሙሉ ይዛው ከረመች፣ ዛሬ ደግሞ መጥታ ልክ እኔ የጻፍኩት ቦታ ላይ አቆመችልኝ።

ስንት ሆነ ዶክተር፣ ትላለች መስኮቱን እያየች።

መቶ አሥር።

እንግዲህ ገና ነዋ።

ገና ነው።

በይ አሁን፣ አንድ ቃል፣ ስለ እማዬ፣ ስለ ስልኩ፣ ስለዚያች ምላሴ፣ በምትኩ ቆሜ ካርዱ ላይ እጽፋለሁ፣ መቶ፣ ፊደሉ አይታየኝም፣ ፀጉሬ ከመያዣው ወጥቶ ፊቴ ላይ ወድቋል፣ ይሁን፣ ይውደቅ፣ ዐይኔን ይሸፍንልኝ፣

ፀጉርሽ ዐይንሽ ውስጥ ገባ እኮ፣ ትላለች።

እና ክንዷ ይነሳል። ያኛው፣ የታመመው። ዘጠና፣ መቶ አሥርን አለፈ፣ እሷ ተቀምጣ እኔ ቆሜ፣ ሩቅ ነው፣ መቶ ሠላሳ፣ ይነሳል፣ ማንም አልደገፈውም፣ ከመቶ ሃምሳም ሳያልፍ አይቀርም፣ አውራ ጣቷ ግንባሬን ጠርጎ ፀጉሬን ከጆሮዬ ኋላ ያስገባዋል፣ ከዚያ እጇ እዚያው ጉንጬ ላይ ይቀራል፣ ምን እንዳደረገች አሁን ገና ገባት፣ ሁለታችንም ክንዷን እናየዋለን፣ መለኪያው ጠረጴዛው ላይ ነው፣ አላነሳውም፣ ልታወርደው ነው፣ ክርኗ መታጠፍ ጀመረ፣

እታለም፣ እላለሁ፣ እታለም፣ እጅሽን አታውርጂው።