ላስቲኩን የገለጥኩ ቀን

ውሃው ለብ ያለ መሆን አለበት፣ ከቀዘቀዘ ሥሩ ይደነግጣል፣ ወረንጦውን ቀስ፣ ይኸው፣ ችግኟ ከጠርሙሱ ወጣች፣ ሥሯ ላይ የተጣበቀውን፣ ጠርሙስ ውስጥ ያበቀላትን ጄል በጣቴ ጫፍ አጥባለሁ፣ ስኳር አለው፣ ትንሽ እንኳ ከቀረ ሻጋታ ይጠራል፣ እንደ ክር የቀጠኑ ሥሮች፣ ሦስት፣ ተመስገን። አፈር ትልበስ፣ ከዚያ ላስቲክ ውስጥ። ላስቲኩ የሚከፈተው በየቀኑ ጣት የምታህል ብቻ ነው፣ አለቃችን ጽፋ ግድግዳው ላይ ለጥፋዋለች፣ ባለፈው ወርም ተለጥፎ ነበር፣ አንብቤዋለሁ።

ያን ቀን ላስቲኩ በውስጥ አልቦት፣ ጠብ ጠብ ሲል ሳየው የወይን ችግኞቹ የታፈኑ መሰለኝ፣ ልጄ ሕፃን ሳለች በትኩሳት ስትነድ ብርድ ልብሷን እንደገፈፍኩላት፣ ምስኪኖች፣ አየር ይግባላችሁ ብዬ ገለጥኩት፣ ሙሉውን፣ በቀትር። ምሳ በልቼ ስመለስ ሁለት መቶውም አንገታቸውን ደፍተዋል። ጠርሙስ ውስጥ ያደገ ቅጠል እኮ ውሃውን መያዝ አያውቅም፣ ገና ይማራል። መልሼ ሸፈንኩት። ማንም አላየኝም። ማንም? አንተ አይተሃል ጌታዬ።

ችግኞቹ ደረቁ፣ ጭጋግ የሚረጨው ማሽን ቆሞ ነው አለች አለቃችን፣ ማሽኑን የሚጠብቀው ቴክኒሻን ኧረ አልቆመም ብሎ ማለ፣ እኔ ወረንጦ አጥብ ነበር፣ የታጠበ ወረንጦ።

ትናንት ቴክኒሻኑ መጣ፣ እትዬ፣ ነገ የስንብት ደብዳቤዬ ይፈረማል፣ እርስዎ ግን ለወይን እንዲህ ከተንሰፈሰፉ ባልዎን እንዴት አንቀባርረው ይዘውት ይሆን፣ ብሎ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ዛሬ ቁርስ ላይ ልጄ ምነው እማዬ ፊትሽ አለችኝ፣ ምንም አልኳት፣ ዋሸሽ ብዬ የቆነጠጥኳትን ልጅ።

ብናገር የምባረረው እኔ ነኝ፣ በዚህ ዕድሜ፣ ስምንተኛ ክፍል ይዤ፣ ማን ወረንጦ ያስጨብጠኛል፣ ደግሞስ እነዚህን ማን በወጉ ያጥባቸዋል፣ ተይ፣ ሰበብ አትደርድሪ፣ ለችግኝ ያዘነ አንጀትሽ ለሰው ሲሆን ደነደነ?

ጫማዋ፣ ቋ ቋ፣ በኮሪደሩ፣ አለቃችን ናት፣ ወረቀት ይዛለች፣ እማማ፣ እስክሪብቶ ይኖርዎታል? የኔ ቀለም ጨረሰ። ኪሴ ውስጥ አለ፣ እጄ ግን እርጥብ ነው፣ አቤቱ አፌን ክፈትልኝ፣ እስክሪብቶስ አለኝ፣ ግን አትፈርሚ የኔ ልጅ፣ አለቃዬን የኔ ልጅ ብያት አላውቅም፣ ቆማ ታየኛለች፣ ማሽኑ አልቆመም፣ ልጁ ምንም አላጠፋም፣ ቀትር ላይ ነበር፣ ብቻዬን ነበርኩ፣ ላስቲኩን ገለጥኩት።