ሳል ያለበት ዙር

ታናሽ ወንድሜ ከመሞቱ ሦስት ሳምንት በፊት ሉፐሬ ላይ ቤዝ ጊታር ቀድቶልኝ ነበር። ሉፐር በእግር የሚረገጥ ትንሽ ሳጥን ነው፤ የተጫወትከውን ይቀዳና እስክታስቆመው ድረስ እየደጋገመ ያጫውትልሃል። ምሳ ሰዓት ሆቴል ውስጥ ሁለት ሆነን፣ እኔ ጊታር እሱ ቤዝ እየተጫወትን ነበር የምንሠራው። ሳንባውን ሲያመው ብቻዬን እንዳልቸገር ብሎ ነው የቀዳልኝ። ዙሩ አሥራ ስድስት ሰከንድ ነው፤ መጨረሻው ላይ ሳል አለበት።

«ሳልክበት እኮ! እንደገና ቅዳው» ብዬ ጮህኩበት። ለመቆጣት ማን ብሎኝ።

«ነገ» አለኝ።

በነጋታው ሆስፒታል ገባ፤ ከዚያም አልወጣም።

ከቀብሩ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሉፐሩን ስረግጠው እናቴ ውሃ በብርጭቆ ይዛ ከጓዳ እየሮጠች መጣች። እሱ ሲስል ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር የምታደርገው። በሩ ላይ ስትደርስ ያየችው እኔን ብቻ ነው። ደንግጬ አስቆምኩት።

«ተወው፣ ይሳል» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ከሥራ ስመለስ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ እከፍትላታለሁ። ብርጭቆዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ትሰማለች። የምትጠብቀው ቤዙን አይደለም፣ ሳሉን ነው። ስልክህ ላይ ገልብጠው ያለኝ ሰው አልጠፋም፤ ነገ ነገ ስል ከረምኩ። ነገ ማለት የቤታችን በሽታ ነው።

አንድ ቀን ሆቴሉ ውስጥ አንድ መላጣ ሰውዬ ምግቡን ትቶ እግሬን ሲያይ ያዝኩት። ሰው እጄን ነው የሚያየው። ፀጉር አስተካካይ ነኝ አለኝ፤ በዚያ መላጣ ራሱ!

«እኔም ሉፐር አለኝ። እሁድ ከሰዓት ሱቄ ና፣ ብቻህን አይደለህም።»

ሄድኩ። ከእሱ ሌላ በድምፅዋ ዙር የምትሠራ ነርስና ብረት እየመታ የሚቀዳ አንድ በያጅ ነበሩ። በያጁ ሥራው ጆሮውን ስለበላው ሰላምታውም ጩኸት ነው። ወደድኳቸው። ከወንድሜ በኋላ እንደዚህ የወደድኩት ሰው የለም።

አንድ ልማድ አላቸው። ከመጀመራቸው በፊት ሁሉም እኩል ሳጥናቸውን ረግጠው ይይዛሉ፤ ሁለት ሰከንድ ከያዝከው ውስጡ ያለው ይጠፋል። «ያደረ አናሞቅም» ትላለች ነርሷ። እኔ ግን ጫማዬን ጠርዙ ላይ አሳርፌ አስመስል ነበር፤ ከዚያ እነሱ በቀዱት ላይ ጊታር ብቻ እጫወታለሁ። ወንድሜ ውስጡ እንዳለ አልነገርኳቸውም። እንዲያዝኑልኝ አልፈለግኩም፤ አንድ ቦታ እንኳ ሐዘንተኛ ሳልሆን ልቀመጥ ብዬ ነው።

በአምስተኛው እሁድ በያጁ መስታወቱ ፊት ተቀምጦ «እኔንም እንደራስህ አድርገህ ቁረጠኝ» ብሎ ጮኸ። ፀጉር አስተካካዩ መላጣውን ዳሰሰ። ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። «በሉ ርገጡ!» ሲባል እየሳቅኩ ረገጥኩ፣ እየሳቅኩ ያዝኩ። ከዚያ ራሴ ዙር ቀዳሁ፣ ደረብኩበት፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተጫወትን። እንደዚያን ቀን ተጫውቼ አላውቅም። ስናገረው ያሳፍረኛል።

የጊታሬን ገመድ ስጠቀልል ነው የወንድሜን ዙር እንዳጠፋሁት ትዝ ያለኝ። ነገርኳቸው።

«ምነው ብትነግረን?» አለ ፀጉር አስተካካዩ። በያጁ እንኳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኔ ነኝ ያሳቅኩህ» አለ።

እናቴ በዚህ ሰዓት ብርጭቆዋን ይዛ እየጠበቀችኝ ነው። ቤዝ እንዲመስል የጊታሬን ወፍራም ክር አላልቼ የወንድሜን ዜማ በአውራ ጣቴ ቀዳሁት፤ በቃሌ ነው የማውቀው። መጨረሻው ላይ ሳልኩ። አልመጣልኝም፣ አጠፋሁት። ሁለተኛም አልመጣልኝም። በሦስተኛው ወንድሜን መሰልኩ።

«ለእናትህ እንዲህ አታድርግ» አለችኝ ነርሷ።

ሰማኋት፤ ግን ባዶ ሳጥን ይዤ መግባት አቃተኝ።

ቤት ስደርስ እናቴ ከወንበሯ አልተነሳችም ነበር። ረገጥኩት። ቤዙ ሄደ፣ ሳሉ መጣ። ሳጥኑን ትታ እኔን አየችኝ። አሥራ ስድስት ሰከንድ ቆይቶ ሳሉ እንደገና መጣ። ተነሳች፤ ውሃው ልብሷ ላይ ፈሰሰ። ብርጭቆውን አፌ ድረስ አመጣችው።

«ልጄ፣ አንተንም ጀመረህ?» አለችኝ።