ለሁለት የተከፈለ የወባ ኪኒን

እኔ ፍሬሕይወት፣ ባጃጅ ስሳፈር ሹፌሩ «እናቴ፣ መሃል ይሁኑ፣ ያጋድላል» የሚለኝ ሴትዮ፣ ባሌ «አንቺ ቀጭን ነሽ» ሲለኝ አመንኩት። ወይ ሞኝነት!

ወባ ይዛኝ ተኝቼ ነበር። ያን ሰሞን ኪኒኑ ከከተማው ጠፍቶ፣ ባሌ ጉልላት ስንት ቦታ ዞሮ የአንድ ሰው ብቻ አገኘ። የታዘዘልኝ መጀመሪያ አራት፣ በማግስቱ አራት፣ በመጨረሻ ሁለት ነበር። እሱ ግን ሁለቷን መዳፌ ላይ አስቀምጦ፣ «አራት ለግዙፍ ሰው ነው። አንቺ ለእኔ ቀጭን ነሽ፣ ሁለት ይበቃሻል» አለኝ። በዚያ ሁሉ ትኩሳት ውስጥ እንኳ ደስ አለኝ።

ወባዋ ተመልሳ ጣለችኝ። ጤና ጣቢያ ሄጄ ለሲስተር ሊድያ ስነግራት ጮኸችብኝ።

«ማን ነው ቀንሺ ያለሽ? ኪኒኑ እኮ እንደዋጥሽው ደም ውስጥ ተሰብስቦ አይቀመጥም። ጉበቱ፣ ሳንባው፣ ጡንቻው፣ ሁሉም ይሻማዋል። መጀመሪያ ብዙ የምንሰጠው እነሱ ድርሻቸውን ወስደው ለደምሽ እንዲተርፍ ነው። ወባዋ ያለችው ደምሽ ውስጥ ነዋ! ግማሹን ስትውጪ እሷ ጋ የሚደርሰው ፍርፋሪ ነው።»

«ባለቤቴ ቀጭን ነሽ ብሎኝ ነው» አልኩ። ሲስተር ከላይ እስከ ታች አየችኝና ሳቋ አመለጣት።

«ዛሬስ ምን ጉድ ነው?» አለች ወደ አግዳሚው ዞራ። «ይቺም ግማሹን ውጣ አገርሽቶባታል።»

አግዳሚው ላይ ጋቢ የተከናነበች ልጅ እግር ሴት ተቀምጣለች። «እኔንም ባለቤቴ ነው» አለች። «ቀጭን ነሽ፣ ሁለት ይበቃሻል ብሎኝ።» እሷስ እውነትም ቀጭን ናት።

ወደ እሷ ጠጋ አልኩ። «ባለቤትሽ ማን ይባላል፣ እህቴ?»

«ጉልላት። መናኸሪያ ጎማ ይሸጣል። ታውቂዋለሽ?»

አውቀዋለሁ ወይ! ልጅ ባጣን ጊዜ «አንቺ ትበቂኛለሽ» ብሎ እንባዬን የጠረገ ባሌን! መሞቴ ነበር እኮ። ከነፍሴ ቆርሶ ነው ያጎረሳት።

«ኢየሩስ፣ ጨረስሽ?» የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ። ጉልላት የታሸገ ውሃ ይዞ ገባ። አየኝና ክው አለ።

ውሸት ጠበቅኩ፣ እውነቴን ነው። «የአክስቴ ልጅ ናት» ቢለኝ አምነው ነበር። እጄን ዘረጋሁለት።

አልፎኝ ሄደና እጁን የእሷ ግንባር ላይ አደረገ።