መንገዱ ቀጥ ይበል

ባሌ ጎበዝ ነው። ይህን የምለው ላሞግሰው አይደለም፤ ጎበዝነቱ ቤቴን ስለበላው ነው።

በአማቼ እርሻ ላይ እህል ማራገፍ ማለት ጠብ ማለት ነበር። መኪናው በጠባቡ በር የኋሊት ይገባል፤ ሁሉም ሰው ሾፌር ይሆንና አንዱ «ና! ና!» ሌላው «ቁም!» ይላል። ከዚያ ጆንያ በጀርባ ተሸክሞ መሰላል መውጣት ነው። ዝናብ ከቀደመማ ግማሹ እህል እዚያው ግቢው ላይ ይበቅላል።

አማቼ ሲናደዱ የሚሰድቡት ያው ባሌን ነው። ታላቁ ልጃቸው ከተማ ነው የሚኖረው፤ ብቅ ካለ ወንበር ይወለወልለታል። የኔው ሰውዬ ግን እዚያው እያደረ፣ እዚያው እየለፋ፣ ከአባቱ አፍ አንድ ቀን «ጎሽ» ሰምቶ አያውቅም። እኔ ደግሞ ግቢው ጥግ ላይ ሁለት ክፍል ቤቴ አለችኝ። ግድግዳዋን የለሰንኩት እኔ፣ መስኮቷን ለምኜ ያስገባሁት እኔ። በዚህ ዓለም የኔ የምለው እሷን ብቻ ነበር።

ታዲያ ባሌ ክረምቱን ሙሉ ሲያሰላ ከርሞ አንድ ዘዴ አመጣ። መኪናው በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው ይወጣል፤ የኋሊት ብሎ ነገር የለም። መሃል ላይ በብረት ፍርግርግ የተከደነ ጉድጓድ አለ፤ እህሉ እዚያ ይገለበጣል። ቧንቧ ውስጥ በሞተር የሚሽከረከር ጠመዝማዛ ብረት ወደ ላይ ስቦ ቆርቆሮው ጎተራ ውስጥ ይጨምረዋል። የጎተራው ወለል ሲሚንቶ ነው፣ ከሥሩ ማራገቢያ አለው። «እህል እኮ ካልተነፈሰ ይታመማል» አለኝ፣ ስለ ልጁ የሚያወራ ይመስል።

አማቼ ባሌ የነደፈውን ሥዕል ጠረጴዛ ላይ ዘረጉት። የመኪናውን መንገድ በጣታቸው ሲከተሉ ቆዩና አንድ ቦታ ላይ ቆሙ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እዚያ ጋ ትንሽ ይጠመዘዛል፣ አባዬ። የኛ ቤት ስላለ ነው።»

«ከተጠመዘዘማ ትልቁ መኪና አይዞርም።» ቀና ብለው አዩት። «ቀጥ ብታደርገው ግን... ጎሽ! ጎሽ የኔ ልጅ!»

ወይ ጉድ! ያቺን ቃል ሲሰማ ፊቱን ብታዩት! እስከ ጆሮው ቀላ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ «እምቢ በል፣ እምቢ በል» እያልኩ በዓይኔ እለምነዋለሁ። እሱ እቴ! እርሳሱን አንስቶ መንገዱን ቤታችን ላይ አሰመረው።

«እኛስ የት ልንገባ ነው፣ አባባ?» አልኳቸው።

«አሮጌው ጎተራ ባዶ ሊሆን አይደል? ምን ጎደለሽ?»

«አይጡስ?»

«እህል ከሌለ አይጥ ምን ይሠራል?» አሉና ሳቁ። ባሌም አብሮ ሳቀ። አቤት ያ ሳቅ! ዛሬም ያንገበግበኛል።

በማግስቱ ሜትር ይዞ መጣ። አንዱን ጫፍ የመኝታ ቤቴ ግድግዳ ላይ እንድይዝለት ሰጠኝ።

«ባክህ ተው» አልኩት።

«ወጠር አድርገሽ ያዢው» አለኝ።

ያዝኩት። ምን ላድርግ፣ መሄጃ የለኝ!

አዝመራው ሲደርስ ሁሉም እንዳለው ሆነ። መኪናው አልጋዬ የነበረበትን ረግጦ ገብቶ፣ አራግፎ፣ ወጣ። ጆንያ የለ፣ መሰላል የለ፣ ጩኸት የለ። አማቼ የአካባቢውን ገበሬዎች ጠርተው ያስጎበኛሉ። ባሌ መጥረጊያ ይዞ ፍርግርጉ ዳር የፈሰሰውን ይሰበስባል፤ እየጠረገ ቀስ በቀስ ወደ እነሱ ይጠጋል።

«ማን ነው የነደፈው?» አለ አንዱ እንግዳ።

«ትልቁ ልጄ ነዋ!» አሉ አማቼ ዓይናቸውን ሳያሹ። «ከተማ ያለው።»

ባሌን አየሁት። አሁንስ ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ። አንገቱን ደፍቶ መጥረጉን ቀጠለ።

አልቻልኩም። «ውሸት ነው!» ብዬ ጮህኩ። «የነደፈው ይሄ ነው! የገዛ ቤቱን አፍርሶ የሠራው ይሄ የሚጠርገው ነው!»

እንግዶቹ መሬት መሬት አዩ። ባሌ ግን መጥረጊያውን ጥሎ መጣና ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ፤ እንደዚያ ተቆጥቶ አይቼው አላውቅም።

«ዝም በይ!» አለኝ። «ሰው ፊት ምን ታዋርጂኛለሽ?»