አቶ ይስማው የሞሏቸው አርባ ስድስት ገጾች

በ1999 ዓ.ም. የካቲት ላይ፣ ኮምቦልቻ ውስጥ ባለ አንድ የዶሮ ምርምር ጣቢያ፣ ዶክተር ፋኢዛ እንቁላል ከፍታ ጽንሱን እያየች ሳለ ምጥ ያዛት። ገና ሰባተኛ ወሯ ነበር።

ፈንግል የሚሉት በሽታ ከገባ የአንድ ቀበሌ ዶሮ በሳምንት ጠርጎ ይሄዳል። ፋኢዛ የምታጠናው የተከተበች ዶሮ መከላከያዋን በአስኳሉ በኩል ለልጇ እንዴት እንደምታወርስ ነው። በየቀኑ ጥቂት እንቁላል ተከፍቶ የጽንሱ ዕድገት ይጻፋል። ከሚፈለፈሉት ጫጩቶች ገሚሶቹ በተወለዱ ዕለት፣ ገሚሶቹ በሦስተኛ ሳምንታቸው ይከተቡና በየሳምንቱ ደማቸው ይመረመራል። መሐል ላይ ከተቋረጠ የዓመቱ ልፋት ከንቱ ነው።

"ጋሽ ይስማው፣ በቃ ይተውት" አለች መኪና ውስጥ ስትገባ። "ያለ እኔ አይሆንም።"

አቶ ይስማው የኩታበር ሰው ናቸው። ስምንተኛ ክፍልን ሳይጨርሱ ጣቢያው ገብተው ሃያ ዓመት ዶሮ ሲጠብቁ ኖረዋል፤ ደም መቅዳትና መመርመር ያስተማረቻቸው ራሷ ፋኢዛ ናት።

"አብሽሪ ልጄ፣ ማርያም ትቅረብሽ" ብቻ አሏት።

ልጅቱ ደሴ ሆስፒታል አንድ ኪሎ ከአራት መቶ ግራም ሆና ተወለደች። ፋኢዛ መርየም አለቻትና ሦስት ወር ሙሉ ደረቷ ላይ ለጥፋ አሞቀቻት። አቶ ይስማው እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሚኒባስ ዳገቱን ወጥተው ይመጣሉ፤ በር ላይ ቆመው ሕፃኗን ይመርቃሉ።

"ዶሮዎቹስ?" ትላቸዋለች።

"ይበላሉ፣ ይጠጣሉ።" ሌላ አይጨምሩም።

ወደ ሥራዋ የተመለሰች ዕለት ጠረጴዛዋ ላይ መዝገቡን አስቀመጡላት። አርባ ስድስት ገጽ በእሳቸው የእጅ ጽሑፍ ተሞልቷል። የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፦ "የካቲት 14። ሦስት እንቁላል ተከፈተ። የአንዱ ልብ ይመታል። ዶክተርም ተገላገለች አሉ፣ ሴት።"

ፋኢዛ እንባዋ መጣ። ቀጥሎ ግን የመጨረሻዎቹን ገጾች ስታይ ፊቷ ተለወጠ። የእናት መከላከያ ላይ ክትባት ሲጨመር ጫጩቱ ይጠነክራል፣ ስለዚህ በተወለደ ዕለት ይከተብ ብላ ለአለቆቿ ጽፋ ነበር። መዝገቡ ተቃራኒውን ይላል። በተወለዱ ዕለት የተከተቡት ደክመዋል፤ የጠነከሩት ዘግይተው የተከተቡት ናቸው።

"ጋሽ ይስማው... ቁጥሮቹን አዛብተዋቸው እንዳይሆን?"

ሽማግሌው ማቀዝቀዣውን ከፈቱላት። "ይሆናል። ዕቃው ይኸው፣ ራስሽ እዪው።"

ሁለት መቶ የደም ብልቃጥ ተደርድሯል፤ እያንዳንዱ ላይ በጫጩቱ እግር የታሰረው ቀለበት ቁጥር ተጽፏል። መብራት በጠፋ ቁጥር ከበሺር ጭማቂ ቤት በረዶ እየለመኑ ነበር ያቆዩት።

አራት ቀን መረመረች። አንድም የተዛባ አላገኘችም። በጫጩቱ ደም ውስጥ የቀረው የእናት መከላከያ ክትባቱን እንደ ጠላት ቆጥሮ ያጠፋዋል፤ የጫጩቱ ሰውነት ግን ገና ምንም አልተማረም። ክትባቱ የሚያስተምረው የእናቱ መከላከያ ሲሟጠጥ፣ በሦስተኛ ሳምንቱ ነው።

"የተሳሳትኩት እኔ ነኝ" አለች። "ስለተጠራጠርኩዎት አፉ ይበሉኝ።"

"አፉ ብያለሁ" አሉና ሳቁ። "ለመሆኑ እናቱ ከጎኑ ቆማ ጠብ የሚማር ልጅ የት አለ?"

የጥናቱን ጽሑፍ ለኅትመት ስታዘጋጅ ስማቸውን ከስሟ ቀጥሎ አስገባች። አለቃዋ አልተዋጠላቸውም። "ስምንተኛ ክፍል ላልጨረሰ ሰው ምስጋና ይበቃዋል" አሏት።

"ወላሂ፣ የሳቸው ካልገባ የእኔም አይገባም!"

ገባ። በተከታዩ ዓመት የጣቢያው ጫጩቶች በሙሉ በሦስተኛ ሳምንታቸው ተከተቡ። እሷም ጥናቱን ደሴ ላይ በተጠራ ስብሰባ አቀረበች። አንድ ምሁር ተነስተው ናሙናው እንዳልተቀላቀለ በምን ታውቂያለሽ ሲሏት፣ "እሱን የሚመልሱት አቶ ይስማው ናቸው" አለች። አቶ ይስማው በተዋሱት ኮት ተነስተው፣ መጀመሪያ ድምፃቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ኋላ እየጠና፣ ስለ ቀለበቱም ስለ በረዶውም ተናገሩ። አዳራሹ ሳቀ፤ ቀጥሎም አጨበጨበ።

ሲወጡ የታተመውን ወረቀት ዘረጉላት። "የቱ ጋ ነው የኔ?"

ጣቷን አኖረችላቸው። የፈረንጁን ፊደል አንድ በአንድ በጥፍራቸው ተከተሉት፤ እስከ መጨረሻው ሄደው እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። ፋኢዛ ሳታጣድፋቸው ቆማ ጠበቀቻቸው።

"በይ እንሂድ" አሉ በመጨረሻ፣ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው እየከተቱ። "ሚኒባሱ ሳይሞላ። ጫጩቶቹ አልበሉም።"