ቴስታታውን የገጠመ እጅ

ሁለት ቀን ሙሉ ግቢ ውስጥ ተንበርክካ የታክሲዋን ቫልቮች አንድ በአንድ በየቦታቸው የመለሰችው፣ የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታታውን፣ ገጥማ ብሎኖቹን ከመሃል ወደ ዳር በተራ ያጠበቀችው ራሷ ሹፌሯ ናት። የባሏ ወንድም ወንበር ላይ እግሩን አነባብሮ «ቀስ በይ፣ ተጠንቀቂ» ከማለት በቀር ቁልፍ እንኳ አላቀበላትም።

ሞተሩ ሲነሳ ድምፁን የሰማው ጎረቤት እየሮጠ መጣና እሷን አልፎ ለእሱ እጁን ዘረጋለት።

«ጎበዝ ነህ፤ እጅህ ይባረክ።»

የባሏ ወንድም ዓይኑን በጨው ታጥቦ መዳፉን አጠፈና የእጁን አንጓ ሰጠው። «ይቅርታ፣ እጄ ግራሶ ነው።»

ደሟ ፈላ። የሕፃን የመሰለውን መዳፉን ፈልቅቃ ዘረጋችና በሁለት እጇ ያለውን ግራሶ እስከ ክርኑ ለቀለቀችው።

«አሁን እውነትህን ነው» አለችው።